የእናትሽን ጽጌረዳ ከዘር አትጠብቂ

ደብዳቤው እነሆ፦

«ጋሼ፣ ዓምድዎን ዘወትር እከታተላለሁ። እናቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። ደብረ ብርሃን በሚገኘው ግቢዋ፣ ከበሩ አጠገብ፣ መንገደኛ ቆሞ የሚያሸተው ቀይ ጽጌረዳ ነበራት። እርሷ ካለፈች ወዲህ የጠወለገውን አበባ የሚቆርጥለት ስለጠፋ ለገና ስንሄድ ብርቱካንማ ፍሬ አፍርቶ አገኘሁት። ጥቂቱን ለቅሜ አመጣሁና ዘሩን በኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ በጣሳ ዘራሁት። ይኸው ግንቦት ገባ፤ አንድም አልበቀለም። ጎረቤቴ ‹ጽጌረዳ በዘር አይበቅልም› ትለኛለች። ተናድጄ በኢንተርኔት የሰማያዊ ጽጌረዳ ዘር አዘዝኩ፤ የበቀለው ግን ቲማቲም ይመስላል፤ ባለቤቴም ይስቅብኛል። ቤቱን ከወንድሞቼ ጋር ሸጠነዋል፤ ገዢው በመስከረም ይረከባል። የእናቴን ጽጌረዳ በዘር እንዴት አድርጌ ላትርፈው?

የበረንዳዋ አትክልተኛ፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ጥያቄሽ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ አስሯል፤ መስከረም ሳይደርስብሽ መፍታት አለብን። የእናትሽን ጽጌረዳ ማትረፍ አንድ ሥራ ነው፤ ጽጌረዳን ከዘር ማብቀል ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛው ደስ የሚል የትርፍ ጊዜ ሥራ ነውና ቀጥዪበት። የመጀመሪያውን ግን ለዘር አደራ ብትሰጪ ታጪዋለሽ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በየግቢያችን የሚታዩት ትልልቅ አበባ ያላቸው ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ ድቅል ናቸው። የአውሮፓና የቻይና ጽጌረዳዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲዳቀሉ፣ የተዳቀሉት እንደገና ሲዳቀሉ የመጣ ዘር ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣችውና ‹ላ ፍራንስ› የተባለችው ጽጌረዳ የዛሬዎቹ ድቅሎች መነሻ ተደርጋ ትቆጠራለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ቅልቅል ማን ይቆጥረዋል! እናትሽ በር ላይ ያለው ቀይ አበባ በውስጡ ሮዝም፣ ነጭም፣ ሽታ የሌለውም አያት ይዟል። ዘሩ ሲበቅል ከእነዚህ የትኛው ብቅ እንደሚል አይታወቅም። በዚያ ላይ ንቧ ከየትኛው ጎረቤት ግቢ ብናኝ ይዛ እንደመጣች የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። ልጁ ከእናቱ ቀለም ቢወስድ ሽታውን ሊተው፣ ሽታውን ቢወስድ አምስት ቅጠል ብቻ ያለው አበባ ሊያወጣ ይችላል። የእናትሽን አበባ ራሱን የምታገኚው ከራሱ አካል ቆርጠሽ ስትተክዪ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጎረቤትሽ ግማሽ እውነት ይዛለች። ከሆለታ፣ ከሰበታ ወይም ከባቱ የአበባ እርሻዎች ወደ ውጭ የሚላከው ጽጌረዳ በዘር የተባዛ አይደለም፤ በቁራጭ፣ ወይም በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጣብቆ ነው የሚባዛው። አንድ ሺህ ዘንግ አንድ ዓይነት ሆኖ መውጣት ስላለበት ዘር አያዋጣም። ነገር ግን እያንዳንዱ ዝርያ መጀመሪያ ላይ አንድ ዘር ነበር፤ ይህን ጎረቤትሽ አልነገረችሽም። ፍራንሲስ ሜይላንድ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1935 አካባቢ ካዳቀላቸው ጽጌረዳዎች ዘር አንዲት ቢጫ፣ ጫፏ ሮዝ የሆነ አበባ ያላት ችግኝ አገኘ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይን ከመድረሱ በፊት ቁራጯን ወደ ሌሎች አገሮች ላከ። በሚያዝያ እ.ኤ.አ. 1945፣ ጦርነቱ በአውሮፓ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ በአሜሪካ ‹ፒስ›፣ ማለትም ሰላም ተብላ ተሰየመች። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለ የዚህ ጽጌረዳ ተክል ሁሉ የዚያች የአንዲት ችግኝ ቁራጭ ነው። ዘሯን የዘሩ ሰዎች ሌላ ጽጌረዳ አገኙ እንጂ ‹ፒስ›ን አላገኙም።

አሁን ወደ ሥራው። ሰኔ ዝናቡ ሲይዝ ደብረ ብርሃን ሂጂ። ከዚያ በፊት መሄድ የለብሽም፤ ቁራጭ በደረቅ አየር ቶሎ ይጠወልጋል፤ ክረምቱ ግን እርጥበቱን ያግዝሻል። ቁራጩን የምትወስጂው አበባው ገና ከረገፈበት ቅርንጫፍ ይሁን። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ያ እንጨት ለመትከል የደረሰ ነው፤ እሾሁን በአውራ ጣትሽ ወደ ጎን ስትገፊው ቀጭ ብሎ ከተነሣ ጊዜው ነው፤ ከታጠፈ ገና ለጋ ነው፤ ልጡን ይዞ ከተላጠ አርጅቷል። ሁለተኛ፣ ተክሉ ሲገዛ በሌላ ሥር ላይ የተጣበቀ ከነበረ፣ ከሥሩ የሚወጣው ቀጥ ያለ ጠንካራ ቀንበጥ የእናትሽ ጽጌረዳ አይደለም። ቀይ አበባ ሲያወጣ በዓይንሽ ያየሽው ቅርንጫፍ አያታልልሽም።

የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቁረጪ፤ የታችኛው ጫፍ ከአንጓ ሥር ይሁን። ከላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ትተሽ ሌላውን አንሺ። አሸዋና ብስባሽ እኩል በእኩል ቀላቅለሽ፣ ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሪው። ቂጡን የቆረጥሽውን የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከላይ ድፊበትና ክዳኑን ክፈቺው። ቀጥታ ፀሐይ የማይመታበት ብሩህ ቦታ አስቀምጪ። ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይወስዳል፤ በዚህ መካከል «ይዞ ይሆን?» እያልሽ እየነቀነቅሽ አትፈትኚው፤ ብዙ ቁራጭ የሚሞተው በዚህ ነው። ቁራጭ አይሰሰትበት፤ ከሚያስፈልግሽ እጥፍ አድርገሽ ውሰጂ። ለወንድሞችሽም አካፍዪ። የአንዱ ቢደርቅ የሌላው ይተርፋል፤ አንድ ተክል በአንድ በረንዳ ላይ ብቻ መተው ደፋርነት ነው።

ገዢውንም አነጋግሪው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያፈርሰው የአትክልት መደቡን ነው፤ አንድ ቁጥቋጦ መንቀል ቅር አይለውም። ከፈቀደ፣ ቅርንጫፎቹን እስከ ጉልበት ቁመት ቆርጠሽ፣ ሥሩን ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልለሽ፣ በክረምቱ መካከል ወደ አንዱ ወንድምሽ ግቢ አዛውሪው። የቆየ ቁጥቋጦ ሲዛወር ላይጸድቅ ይችላልና ቁራጮቹ ሥር ሳያወጡ እንዳትነኪው።

ይህን ካልን በኋላ ዘሩን በደስታ እንመልከተው። ለመሆኑ ለምን አልበቀለልሽም? ዘሩ አልሞተም፤ ተኝቷል። የጽጌረዳ ዘር ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ውስጡም ጽንሱን «ቆይ» የሚል ንጥረ ነገር አለ። ይህ እንቅልፍ የተሠራው በረዷማ ክረምት ላለበት አገር ነው፤ ዘሩ በመጸው ይወድቃል፤ ቅዝቃዜው ሲያልፍ ይነቃል። የእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል፤ በተከታታይ ለሳምንታት የሚቀዘቅዝ አፈር ደብረ ብርሃንም የለንም፤ በረንዳሽ ላይማ ጭራሽ። ለዚህ መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ነው።

በጣሳው ያለውን አፈር እንዳትደፊው። በወንፊት አጥበሽ ዘሮቹን አውጪ፤ አብዛኞቹ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ሰኔ ላይ ስትሄጂም ተክሉ ላይ የቀረ ያልደረቀ፣ ያልተጨማደደ ፍሬ ካለ ልቀሚ። ፍሬውን በወገቡ ዙሪያ በቢላዋ ቧጭረሽ በእጅሽ አጣምመሽ ክፈቺው፤ ሙሉ በሙሉ ከቆረጥሽው ዘሩን ትሰነጥቂዋለሽ። ዘሮቹ ባለ ማዕዘን፣ ገረጣ ያሉ ናቸው፤ በመካከላቸው ደቃቅ ፀጉር አለ። ያ ፀጉር ቆዳ ያሳክካል፤ ልጆች ካሉሽ ፊታቸው እንዳያደርሱት ጠብቂ፤ አንቺም ጓንት አድርጊ። የፍሬው ሥጋም መብቀልን ይከለክላልና አንድም ሳይቀር አጥበሽ አስወግጂ። ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ባዶ ነው፣ ጣዪው የሚሉ አሉ። እኔ አልጥልም፤ ተንሳፍፎ የሚበቅል አለ፤ ያለሽም ጥቂት ነው።

ከመድኃኒት ቤት ሦስት በመቶ የሆነውን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ገዝተሽ ከሁለት እጥፍ ውኃ ጋር ቀላቅዪና ዘሩን ለጥቂት ደቂቃ ንከሪው፤ ሻጋታን ይቀንስልሻል። ከዚያ ሶፍት አርጥበሽ ጭመቂው፤ እርጥብ ሆኖ የማያንጠባጥብ ይሁን። ዘሩን በውስጡ ጠቅልለሽ በሚዘጋ ፕላስቲክ አድርጊና ማቀዝቀዣው ውስጥ አትክልት በምታስቀምጪበት ቦታ አኑሪው። በረዶ ቤቱ ውስጥ እንዳታደርጊው። የሚፈለገው ቅዝቃዜ ከሁለት እስከ አምስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አትደንግጪ፤ በሩን አለመክፈት ነው። የሚስቀው ባለቤትሽ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ እንዳይጥለው በላዩ ላይ ምን እንደሆነና የገባበትን ቀን ጻፊበት።

በየሳምንቱ ክፈቺና እዪው። የሻገተ ካለ እጠቢው፤ ሶፍቱን ቀይሪ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ዘመን አቆጣጠራችን ላንቺ የተመቸ ሆኗል፤ ሰኔ አጋማሽ የገባ ዘር መስከረም ሲጠባ ይወጣል፤ ዝናቡ እየቀነሰ፣ ፀሐዩ እየተመለሰ ነው። እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነጭ ሥር ያወጣ ካገኘሽ ሳትጠብቂ፣ ሥሩን ወደ ታች አድርገሽ ትከዪው።

የመዝሪያውን አፈር አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተነፋ ብስባሽ አድርጊ። ፍግ አትጨምሪ፤ ለጨቅላ ሥር ይበረታል። ሳትዘሪ በፊት የፈላ ውኃ ብታፈሺበትና ቢቀዘቅዝ አፈሩ ውስጥ ያለውን ሻጋታ ይቀንሰዋል። ዘሩን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ጥልቀት ላይ አድርጊው። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልግሽ ትዕግሥት ነው። አንዳንዱ በሁለት ሦስት ሳምንት ብቅ ይላል፤ አንዳንዱ ወራት ይወስድበታል፤ ጭራሽ ሁለተኛ ዙር ቅዝቃዜ የሚፈልግም አለ። ከአሥር ሁለት ሦስት ከበቀለልሽ ጥሩ ነው። ጣሳውን አንድ ዓመት ሳይሞላው አትድፊ።

ሲወጣ እንዴት እንደምታውቂው ልንገርሽ፤ አረም መስሏቸው የሚነቅሉት ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ሁለት ድቡልቡል፣ ጠርዛቸው ለስላሳ የሆነ ቅጠሎች ይከፈታሉ፤ በዚህ ጊዜ ከጎመን ቡቃያ ብዙም አይለይም። ከመካከላቸው የምትወጣው ሦስተኛዋ ግን ጠርዟ መጋዝ የመሰለ፣ የጥፍር ያህል ትንሽ የጽጌረዳ ቅጠል ናት። እርሷን ካየሽ ባለቤትሽን ጥሪው።

በዚህ ዕድሜ የሚገድለው አንድ በሽታ ነው፤ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይጠቁርና ማታ ቆሞ የነበረው ጠዋት ወድቆ ይገኛል። ከተያዘ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ብዙ አለማጠጣት ነው። ጣሳውን ውኃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጪና ከሥር ይጠጣ፤ አፈሩ ላይ ላዩ ሲረጥብ አንሺው። አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። ካደገ በኋላ ደግሞ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል፤ በረንዳሽ ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ ነገሩ ያስቸግራል። ክሽክሽ፣ ማለትም የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ከመጣ በውኃ በረቀቀ ሳሙና አጥበሽ አስለቅቂው፤ ስለ እርሱ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም።

ዓመቱን ሙሉ እየደጋገመ የሚያብብ ጽጌረዳ ልጅ ከሆነ፣ ከበቀለ ከሁለት ወር በኋላ ስንዝር ሳይሞላ የመጀመሪያ አበባውን ሊያሳይሽ ይችላል። በዚያች አበባ አትፍረጂ፤ ቅጠሏ ጥቂት፣ ቀለሟ ፈዛዛ ልትሆን ትችላለች፤ ተክሉ ሲጠነክር ይጨምራል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ጨክኚ። በየክረምቱ ቅጠሉ በጥቁር ነጠብጣብ የሚያልቅበትን፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለውን አትንከባከቢ፤ አስወግጂ። ዝርያ አውጪዎች ከሺዎች ችግኞች ውስጥ ጥቂት ብቻ ነው የሚያስቀሩት፤ አንቺም ከአሥሩ አንዱን ብትወጂው በቂ ነው። የወደድሽውን አባዢ፤ ግን እንግዲህ በቁራጭ ነው።

ነገሩ ከተዋጠልሽ የሚቀጥለው እርከን ራስሽ ማዳቀል ነው። የእናትሽ ቁራጭ አድጎ ሲያብብ፣ ሊከፈት አንድ ቀን የቀረውን እምቡጥ ጠዋት ላይ ቅጠሉን ገንጥለሽ፣ ዙሪያውን ያሉትን ቢጫ ብናኝ ተሸካሚዎች በወረንጦ ልቀሚ። በማግሥቱ መካከሉ ያለው ክፍል ሲያጣብቅ፣ የምትፈልጊውን የሌላ ጽጌረዳ ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ቀቢው፤ በወረቀት ከረጢት ሸፍነሽ ሁለቱን ወላጆች ጽፈሽ እሰሪበት። ፍሬው እስኪቀላ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ቅጠሉ በጣም የበዛ አበባ ብናኝ ተሸካሚው ወደ ቅጠል ስለተለወጠ ፍሬ ይነሳዋል፤ የእናትሽ ግን በራሱ አፍርቷልና እናትነት ይችልበታል።

ደብረ ብርሃን ከሄድሽ ደግሞ በየአጥሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ቀጋ ፈልጊ። ቀጋ የራሳችን የዱር ጽጌረዳ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። አምስት ቅጠል ያለው ነጭ፣ ሽታው ያማረ አበባ አለው፤ ፍሬውን እረኞች ይበሉታል። ያልተዳቀለ ስለሆነ ዘሩ እናቱን የሚመስል ነው፤ ስለዚህ «ዘርቼ የዘራሁትን ባገኝ» ካልሽ ከዚህ የተሻለ የለም። ግን ሁለት ሦስት ዓመት ሳያብብ ያቆይሻል፤ እሾሁ ክፉ ነው፤ ሲያድግም ይንጠላጠላል። ለወንድምሽ አጥር እንጂ ላንቺ በረንዳ አይሆንም።

ሰማያዊውን በተመለከተ ተታለሻል። ጽጌረዳ ሰማያዊ የሚያደርገውን ቀለም በተፈጥሮው አይሠራም። ሰንቶሪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከሌላ አበባ ዘረ መል አስገብቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረገው፣ በ2009 ለገበያ ያቀረበው ጽጌረዳ እንኳ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ የሚያዘነብል ነው። በአበባ መሸጫዎች የምታዪው ደማቅ ሰማያዊ፣ ቀለም የጠጣ ነጭ ጽጌረዳ ነው፤ ባለ ቀስተ ደመናውም ዘንጉ ተሰንጥቆ በየቀለሙ ውኃ ተነክሮ የተሠራ ነው። የዚህ ዘር የለም፤ ፎቶግራፉን አሳምሮ የሸጠልሽ ሰው ምን እንደላከልሽ እርሱም ላያውቅ ይችላል። ከውጭ በፖስታ የሚመጣ ያልታወቀ ዘር በሽታና አረም ይዞ ስለሚገባ ወደፊትም እንዳታዢ፤ የተረፈውን አቃጥዪው። የበቀለውን ቅጠል አሽተሽ አሽትቺው፤ የቲማቲም ሽታ ከሸተተሽ ድጋፍ አቁሚለትና ይደግ፤ ነገር ግን የቲማቲም ዘመድ የሆኑ መርዛማ ተክሎች ስላሉ ተክል የሚያውቅ ሰው ፍሬውን ሳያይልሽ ማንም እንዳይቀምሰው።